ሰው ሳይነካው የሚከፈተው በር

ደባርቅ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው እንኳ «ባለ በሩ የት ነው?» ብትሉት ቤቴን ያሳያችኋል። በሩን ያዩ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ከዳባት ድረስ ሊያየው መጥቷል። በዲጅኖ ይሰበር ብዬ የለመንኩት እኔው ራሴ መሆኔን የሚያውቁት ግን ያን ዕለት ግቢዬ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ፈንታሁን እባላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ኖሬያለሁ። ሥራዬ ለባንክና ለሆቴል ሰው ሲጠጋ በራሳቸው የሚከፈቱ የመስታወት በሮችን መግጠም ነበር። ለእናቴ አንድ ልጇ ነኝ። ቁርጥማት እጇን አጣሞት ከሰል እንኳ ማቀጣጠል አቃታት ሲሉኝ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ያሠራው የብሎኬት ቤት ሲሆን፣ በሩ ሁለት ሰው የሚያስቸግር ከባድ ብረት ነበር። አንድ የነሐሴ ቀን ከገበያ ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ዝናብ ሲወርድባት አገኘኋት። ጣቶቿ መያዣውን ማዞር አልቻሉም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽ?» አልኳት።

«አሁን ገና መምጣቴ ነው» አለች። ከነጠላዋ ግን ተጨምቆ የሚወጣው ውኃ ባልዲ ይሞላ ነበር።

የማያውቁኝ ሰዎች ባንክ ሲገቡ እኔ የገጠምኩት በር ይከፈትላቸዋል፤ እናቴ ግን በገዛ ቤቷ ደጃፍ ዝናብ ይመታታል። ያን ቀን ነው ሥራውን የጀመርኩት። ከጎንደር ከወደቀ አይሱዙ የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አመጣሁ። የሞተር ሳይክል ካቴና ጨመርኩበት፤ ለመንኮራኩር የሚሆን አሮጌ ኩሽኔታ ለቀምኩ። መዝጊያውን ከላሜራ በየድኩና ማዕዘኖቹን ክብ አድርጌ የብር ቀለም ቀባሁት። ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ዘረጋሁለት። በፊልም ላይ የሚታየውን የመጪውን ዘመን ቤት ይመስል ነበር። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሥራዬን ስታይ ትውልና «እንዲያው ይኼ ነገር ማተብ ብናስርለት አይሻልም?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በሩ ሳያልቅ እናቴ አረፈች። የቀረኝ ከላይ የሚገጠመው፣ ሰው መምጣቱን የሚያይላት ሴንሰር ብቻ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ሥራውን ቀጠልኩ። ለማን እንደምጨርሰው ራሴን አልጠየቅሁም። እጄ ሥራ ሲፈታ ቤቱ ዝም ይላል፤ ዝምታውን ስለፈራሁ ሠራሁ። አንድ ቀን ከፊቱ ስቆም «ዝዝዝ» ብሎ ወደ ጎን ተንሸራቶ ተከፈተ። አጠገቤ «አበጀህ!» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ገባሁ፤ ተዘጋ። እንደገና ወጣሁ፤ ተከፈተ። ብቻዬን አሥር ጊዜ ያህል ስወጣና ስገባ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የተበላሸሁት። መጀመሪያ ሰው ሊያየው ይጎርፍ ነበር። እኔ ግን «እናትህ ብታየው ኖሮ» እያሉ የሚያዝኑልኝን መስማት አቃተኝ። የውጪውን ሴንሰር ነቀልኩና በሩ በእኔ ሪሞት ብቻ እንዲከፈት አደረግሁ። እድር አልሄድም፤ ማኅበር አልሄድም። እናቴና ጎረቤታችን እማማ ደብሬ ሰላሳ ዓመት የተመላለሱባትን የአጥር ሽንቁር በቆርቆሮ መታሁባት። በእሳቸው ግቢ በኩል የነበረውንም መስኮት ደፈንኩት። ቀጥሎ ሌባ ፈራሁና የጣት ውፍረት ያለው የብረት መቀርቀሪያ፣ ሽጉር ጨመርኩ። መብራት ሲኖር ማግኔት ወደ ላይ ይዞት ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ ስፕሪንጉ ገፍቶ ወደ ታች ይቀረቅረዋል። አዲስ አበባ ያስተማረኝ አለቃዬ በየሥራው ላይ የሚደጋግማት ነገር ነበረች፤ «መብራት ሲጠፋ በር ይከፈት። ሰው ከንብረት ይበልጣል» ይል ነበር። ይህን እያወቅሁ ተቃራኒውን ሠራሁ። ሌባ እንዳይፈታውም ሽጉሩን በላሜራ ሸፍኜ በየድኩት።

የምነግራችሁን ነገር ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል። የእናቴ ሙት ዓመት ባለፈ በሳምንቱ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ ደብሬ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። በመመልከቻው ቀዳዳ አየኋቸው። በምርኩዛቸው በሩን ቆርቆር አደረጉ።

«ፈንቴ፣ ደብሬ ነኝ እኮ።»

ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ዛሬም በቅጡ አልመልስላችሁም። ፊታቸውን ሳይ እናቴ ከኋላቸው ያለች ይመስለኛል፤ ከከፈትኩ ደግሞ እንደምትጎድል ዐውቃለሁ።

«ቤት የለህም መሰለኝ» አሉና ዳቦውን ደፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ተመልሰው አልመጡም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሆኜ ነበር። ወደ ቅዳሜው ልውሰዳችሁ።

ሐምሌ ነበር። ከስሜን ተራራ የወረደው ጉም ከጠዋት ጀምሮ ከባሕር ዛፉ ላይ አልተነሣም። የበሩ መጠባበቂያ ባትሪ ደክሞ ስለነበር አውጥቼ ግቢው ዳር ባለችው መሥሪያዬ ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ። ለብዙ ጊዜ «ነገ፣ ነገ» ስለው የቆየሁትን አንድ ሥራም ያን ቀን ልጨርስ አስቤያለሁ፤ ሽጉሩን ከውስጥ በእጅ የሚስብ ገመድ ማበጀት። ስልኬን ከባትሪው አጠገብ ትቼ ካቻቢቴ ልወስድ ለአንድ ደቂቃ ወደ ቤት ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ካቻቢቴውን ከመሳቢያ አንሥቼ ስዞር ሰማያዊው መብራት ድርግም አለ። ቀጥሎ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽጉሩ ወረደ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። «ይበልህ!» አልኩት ራሴን። መብራት በእኛ ከተማ ይሄዳል፤ ይመጣል። ተቀምጬ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሊማሊሞን ለመውረድ የሚዘጋጁት ከባድ መኪኖች ጉርምርምታ ከሩቅ ይሰማኛል፤ እኔን የሚሰማ ግን የለም።

ትዕግሥቴ ሲያልቅ የሞተሩን ክዳን በካቻቢቴ ፈታሁና ካቴናውን በእጄ ልጎትተው ሞከርኩ። ጥርሱ ላይ ጣቶቼን ባስገባሁበት ቅጽበት መብራት መጣ። በሩ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ራሱን አጥብቆ ዘግቶ እንዲፈትሽ አድርጌ ነው የሠራሁት። ሞተሩ ተወረወረ፤ ካቴናው ሁለት ጣቶቼን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተተ። ጮህኩ። ጣቴን እንዳላቀቅሁ መብራቱ ተመልሶ ጠፋ። «ቀጭ» አለ እንደገና። ሪሞቱን ለመጫን እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። መብራት ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አልመጣም።

ቀኝ እጄን በፎጣ ጠቀለልኩ። ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን በግራ እጄ ቀደድኩና ቆርቆሮውን ወደ ላይ ገፋሁት። ምስማሩ አልላላም፤ ጠረጴዛው ግን ተንሸራተተ። ስወድቅ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። የቀረው መስኮት በፌሮ የታጠረ ነው፤ ሲከፈትም የሚያሳየው ባሕር ዛፉንና ከሥሩ ያለውን ገደል ብቻ ነው። አፌን ከብረቱ መሃል አድርጌ «ሰው! የሰው ያለህ!» እያልኩ ጮህኩ። ድምፄ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ሲመሻሽ ስልኬ መሥሪያው ውስጥ ጠራ። አንድ ዓመት ሙሉ እምብዛም የማይጠራው ስልክ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ጠራ። እያንዳንዱን ጥሪ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ፤ ዝም ባለ ቁጥር ሰው ጥሎኝ የሄደ ይመስለኝ ነበር። ቤት ውስጥ ያለኝ ግማሽ ማሰሮ ውኃና አንድ የደረቀ አምባሻ ነበር። ጣቴ እየጠዘጠዘኝ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር ነጋ።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲወጣ ገደማ ጥሩምባ ሰማሁ።

የእድር ጥሩምባ ነው። ሁለት ጊዜ ተነፋ፤ ከዚያ የለፋፊው ድምፅ ከዝናቡ መሃል ተቆራርጦ ደረሰኝ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወይዘሮ ደብሬ… ትናንት ማታ አርፈዋል! ቀብር ዛሬ… በዘጠኝ ሰዓት… ድንኳን እንድትተክሉ…»

ተነሥቼ በሩን በግራ እጄ ደበደብኩት። በእግሬ መታሁት። «እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ!» አልኩ። ከአጥሩ ማዶ የሴቶች ዋይታ ፈነዳ። ሰው በሚያለቅስበት ሰፈር የእኔ ጩኸት ለቅሶ ከመምሰል በቀር ምን ይለይ ነበር? አንድ ሰው የአጥሬን በር መጥቶ ነቀነቀ። «ፈንታሁን! ፈንታሁን!» አለ፤ የእድራችን ዳኛ የአያ ሙላው ድምፅ ነው። ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁ። በዚያው ሰዓት ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሲያባራ ማንም የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ባዶ ሆነ። አስከሬኑን ተከትሎ ሁሉም ሄደ። ለቅሶው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየራቀ ሲሄድ በደፈንኩት መስኮት ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ወገኖቼ፣ ብቸኝነትን ዐውቀዋለሁ እል ነበር። ዓመት ሙሉ አብሬው ኖሬያለሁ። ግን እኔ ፈልጌ የዘጋሁት ብቸኝነት ነበር። ያን ቀን፣ መላው ሰፈር አንዲት ሴት ሊሸኝ ሲወጣ እኔ ብቻ ቀርቼ ያየሁት ሌላ ነው። እናቴን የገነዙት የእማማ ደብሬ እጆች ሲቀበሩ እኔ አፈር አላለበስኳቸውም። ደግሞም «ልሂድ» ብዬ ስንደፋደፍ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፦ በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮስ እሄድ ነበር ወይ? መልሱን ስለማላውቀው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ ውኃው አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ አቁሞ ነበር። ከሽንቁሯ በኩል ቆርቆሮ ሲገነጠል ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሴት እርምጃ። ደጄ ላይ መጥታ ቆመች።

«ፈንታሁን!»

የእማማ ደብሬ ልጅ ስለናት ነበረች። ዳባት ተድራ ነው የምትኖር። አብረን ነው ያደግን።

«አለሁ!» አልኩ።

«አለህ?» አለች። «አለህና ነው? አንተ ሰው ነህ? እናቴ ለእናትህ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ነው የተኛችው! ያጠበቻት እሷ ናት፤ የገነዘቻት እሷ ናት! አንተ እሷን አፈር ለማልበስ አጥር መሻገር ከበደህ? ስልክ ሲደወል ዝም! አያ ሙላው መጥቶ ሲጣራ ዝም! ምን በደለችህ? ዳቦ ይዛ መጥታ ውስጥ ሆነህ ደጅ ያቆምካት አነሰህ?»

ለካ እማማ ደብሬ ውስጥ መሆኔን ዐውቀው ነበር። «ቤት የለህም መሰለኝ» ያሉት እንዳላፍር ነው።

ላቋርጣት አልፈለግሁም። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እስክትጨርስ ጠብቄ ግንባሬን ላሜራው ላይ አስደግፌ፣

«ስለናት፣ ያልሽው ሁሉ ይገባኛል። ግን መውጣት አልቻልኩም» አልኳት።

«ምን አልከኝ?»

«በሩ ቆልፎብኛል። ከቅዳሜ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ውስጥ ነኝ።»

ወደ በሩ ጠጋ ስትል ሰማሁ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ።

«ውኃ አለህ?»

«ትናንት አለቀ።»

ስትሮጥ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ አያ ሙላውና ከድንኳኑ የተነሡ አራት ሰዎች ግቢውን ሞሉት። አንዱ በባሕር ዛፉ በኩል ዞሮ በፌሮው መሃል ውኃ በላስቲክ አቀበለኝ። አያ ሙላው በሩን ዳሰስ ዳሰስ ሲያደርጉት ይሰማኛል።

«አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ ማታ እኮ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። እማማ ደብሬ ተዳክመው፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሸከም ሰው ቸግሮኝ ነበር።»

«ሲጠራ ሰምቻለሁ፣ አያ ሙላው።»

ላሜራውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ «መብራት እስኪመጣ ምግብም ውኃም እያቀበልን ብንጠብቅስ? ስንት የደከምክበት ነገር ነው፤ ጉድ የተባለ ሥራ እኮ ነው» አሉ።

«ይሰበር።»

«ኋላ እንዳትቆጭ።»

«ከቀብራቸው ቀርቻለሁ። ከድንኳናቸው አልቀርም። ስበሩልኝ፣ በማርያም።»

ዲጅኖው በላሜራውና በግድግዳው መሃል ገባ። ሁለት ሰው ተንጠለጠለበት። ብየዳዬ ጠንካራ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከራቸው። መጨረሻ ላይ መዝጊያው ታጥፎ ከሐዲዱ ሲወጣ ብርሃኑ ፊቴን መታኝ። ስለናት ከፊት ቆማለች፤ ጥቁር ለብሳለች። የተጠቀለለ እጄን፣ የተቀደደውን ኮርኒስ፣ የተገለበጠውን ጠረጴዛ አየች። በብብቴ ሥር ገብታ ደገፈችኝ። በሽንቁሯ አሾልካ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ ወደ እናቷ ድንኳን ወሰደችኝ።

ድንኳኑ ውስጥ እንደገባሁ መሬት ላይ ወደቅሁ። አለቀስኩ። ለእማማ ደብሬ ነው የጀመርኩት፤ ወዲያው የእናቴን ስም ስጠራ ራሴን ሰማሁ። እናቴ ስትሞት የመጣውን ሰው ሁሉ «በርቱ» እያልኩ የሸኘሁ ሰው፣ ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ይዘው እስኪያነሡኝ አለቀስኩ። አንድም ሰው የት ነበርክ አላለኝም።

ጤና ጣቢያ ጣቴን አስረውልኝ ወደ ድንኳኑ ተመልሼ ስቀመጥ ስለናት ሳህን ይዛ አጠገቤ መጣች። እህሉን አስቀምጣ አልሄድ አለች።

«ልነግርህ የሚገባኝ ነገር አለ» አለች። «እናቴ በየጠዋቱ የበርህን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ዝዝዝ ሲል ‹ተነሥቷል፣ ተመስገን› ትላለች። ማታ አጥር ልትዘጋ ስትወጣ ደግሞ ‹ደኅና ዋለ› ትላለች። ቅዳሜ ላስታምማት መጥቼ፣ ጋደም ባለችበት ‹የፈንቴ በር ዛሬ ማታ አልጮኸም። ሂጂና እይው› አለችኝ።»

«እና?»

«እና አልሄድኩም። ‹ተይው እማዬ፣ እሱ ስለ አንቺ መቼ ተጨንቆ ያውቃል› አልኳት። ደግማ ለመነችኝ። ተቆጣኋት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረች።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «የመጨረሻ ነገሯን እምቢ አልኳት፣ ፈንታሁን።»

እኔም በጊዜው በሬን አልከፍትም ብያቸዋለሁ አልኳት። ሳህኑ በመሃላችን ቀዘቀዘ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ከዚያ ወዲያ ሰው ወዳድ ሆኜ፣ ቤቴ ሞልቶ እየኖርኩ ስለሆነ አይደለም። አልዋሻችሁም። ዛሬም ብቻዬን ነው የምኖረው። ስለናት ከአርባው በኋላ ወደ ዳባት ተመለሰች፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤት ተዘግቷል። በሩን ከስድስት ወር በኋላ ጠገንኩት። ሽጉር የለውም፤ መብራት ሲጠፋ በትንሽ ጣት ተገፍቶ ይከፈታል፤ ለመጣው ሁሉ ይከፈታል። የሚመጣው ግን ብዙ አይደለም። ሰው ዓመት ሙሉ የዘጋውን ነገር በአንድ ቀን አይከፍተውም።

የተለወጠው ሌላ ነው። በፊት ለሰው መኖሬም አለመኖሬም አንድ ነው ብዬ አምን ነበር። ተሳስቻለሁ። አንዲት አሮጊት በደፈንኩት መስኮት ማዶ ሆነው መኖሬን በየቀኑ ሲቆጥሩ ነበር፤ እኔ አላወቅሁም። ያወጣችኝም ልትሰድበኝ የመጣች ሴት ናት። ሰው ቀረብኝ ብሎ የሚቆጣው ይመጣል ብሎ በጠበቀው ላይ ነው። የሚቆጣችሁ ሰው ካላችሁ እንግዲህ ብቻችሁን አይደላችሁም። እናንተም በእናንተ በኩል የምታዳምጡት ሰው ይኑራችሁ፤ እሱ ባያውቀውም ግድ የለም።

እኔ የማዳምጠው አያ ሙላውን ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኔ ዝቅ ብሎ ባለው ቤት ብቻቸውን ናቸው። በየጠዋቱ ለጸሎት ሲነሡ ሦስት አራት ጊዜ ያስላሉ፤ እስከ እኔ ግቢ ይሰማል። ባለፈው ሐሙስ አልሰማሁም። ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላጠልቅ ወርጄ አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«ፈንታሁን ነኝ።»

ካባቸውን እንደተከናነቡ ከፈቱልኝ። ደኅና ናቸው፤ እንቅልፍ ጥሏቸው ኖሯል።

«ምነው በዚህ ጠዋት? ምን ሆነህ ነው?»

«እንዲያው ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ከበሩ ዘወር ብለው መንገድ ለቀቁልኝና፣

«እንግዲያስ ግባ፤ ብርድ አታስገባብኝ» አሉኝ።